የጠባቸው ምስክር እትዬ አስካለ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ፒያሳ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ነው። የማደንዘዣ መርፌ ተወግቼ የከንፈሬ ግማሹ የእኔ መሆኑን ረስቷል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሲያዩኝ ሲያዩኝ ቆዩና «አንቺ ታይፒስቷ ሮማን አይደለሽም?» አሉኝ። የድሮ የዶሮ ማነቂያ ጎረቤታችን ኖረዋል። ነኝ አልኳቸው። «አስካለን ቀበርናት እኮ፤ አርባዋም ወጣ» አሉኝ። ላለቅስ ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ በግማሽ ፊቴ ብቻ አለቀስኩ። ሐኪሙ ብቅ ብሎ አየኝና በጣም ያማል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

እትዬ አስካለ የግቢያችን ባለቤት ነበሩ። ትርፍ ቤት ሲወረስ ከክፍሎቹ ሁሉ የቀረችላቸው የሚኖሩባት አንዲት ክፍል ብቻ ናት፤ እኛም ኪራያችንን ለቀበሌ መክፈል ጀመርን። እሳቸው ግን የተወረሰው ቤቱ እንጂ ተከራዩ አልመሰላቸውም። ማን አምሽቶ እንደገባ፣ የማን ወጥ ማረር እንደጀመረ፣ የማን ልብስ ዝናብ ሊመታው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በራቸው ላይ ዱካ አውጥተው ዳንቴል ሲሠሩ ይውላሉ። ዓይናቸው ዳንቴሉ ላይ ነው፤ ጆሯቸው ግን ግቢውን ያስተዳድራል። አንድ የቀበሌ ሹም መጥቶ ከእንግዲህ የዚህ ግቢ ኃላፊ ማን እንደሆነ ያውቃሉ ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «እናንተ ናችሁ፤ ብቻ ስትወጣ በሩን በቀስታ ዝጋው» አሉት። በቀስታ ዘግቶት ሄደ።

ወደ ቀበሌ ስብሰባም ዳንቴላቸውን ይዘው ነበር የሚሄዱት። መፈክር ሲባልና ግራ እጅ ሲነሳ እሳቸው መርፌውን እንደያዙ ያነሳሉ። አንድ እሑድ ክሩ ከፊታቸው የተቀመጡት ሰውዬ ባርኔጣ ላይ ተጠመጠመና እጃቸው ሲወርድ ባርኔጣው አብሮ ወረደ። አዳራሹ በሳቅ እንዳይፈርስ ሰው ሁሉ ጭብጨባውን አበረታው። ካድሬው ይህን ያህል የተጨበጨበለት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ክፍሎቻችን በአንድ ጣራ ሥር የተደረደሩ ነበሩ። የሚለየን ጋዜጣ የተለጠፈበት ስስ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ አንዱ ቤት ሲያስነጥስ ከሌላው ቤት «ይማርህ» ይባላል። እንዲህ ባለ ግቢ ባልና ሚስት ሲጣሉ የማይሰማ የለም፤ ሰማሁ የሚል ግን አይገኝም። ጠቡ ከረር ሲል እትዬ አስካለ ግድግዳውን በጃንጥላቸው እጀታ ቆርቆር ያደርጉታል። ያን ጊዜ ባልም ሚስትም አንገታቸውን ደፍተው ወደ እሳቸው ክፍል ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል። ሲወጡ ታርቀዋል። ምን እንደተባለ፣ ማን እንዳጠፋ፣ ማን ይቅርታ እንደጠየቀ እዚያው ይቀራል።

እኔ ደግሞ ወሬ እወዳለሁ፤ አልዋሽም። ምን ሆነው ነው ብዬ ስጠይቃቸው ዳንቴላቸውን እያዩ «እነማን?» ይሉኛል። አሁን የወጡት ስላቸው ማን ወጣ ይላሉ። አንድ ቀን አልላቀቅ ብዬ ድርቅ ስልባቸው ሥራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና «የእኔን ትዳር የበላው ጠቡ አይደለም፤ ወሬው ነው» አሉኝ። በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር የተጋጩበትን ነገር ላስታርቅ ብላ የገባች ዘመድ ሰፈር ለሰፈር አዳረሰችው። ባላቸው በአፍረት ከአገር ምድሩ ጠፋ፤ አልተመለሰም። ያ ጠብ በደህና ሰው እጅ ቢወድቅ ኖሮ ለአንድ ምሽት እንኳ የማይበቃ ነበር አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፤ ዳንቴላቸውን አንስተው ቀጠሉ።

ከእሳቸው ጋር ግድግዳ የሚጋሩት መኮንንና ጥሩወርቅ ነበሩ። መኮንን ጊዮርጊስ አጠገብ ባለ ጋራዥ መካኒክ ነው፤ ጥሩወርቅ በልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ ትሠራለች። የተጋቡት ሰዓት እላፊው በጠበቀበት ሰሞን ነው። ሠርጉ ምሳ ላይ ተጀምሮ ጀምበር ሳትጠልቅ ተበተነ፤ ፎቶ አንሺውም ቤቱ ሩቅ ስለነበር ሙሽሮቹን ሳያነሳ ሮጠ። ያላቸው ፎቶ በኋላ ፒያሳ ስቱዲዮ ገብተው የተነሱት ብቻ ነው። በእሱም ላይ ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመው በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቆም ቦታ ትተዋል። ልጅ ገና አልወለዱም ነበር። ከዚያ መኮንን ከአገር ወጣ። እንዴት እንደወጣ ያኔም አልተጠየቀ፣ ዛሬም አልናገርም። ዞሮ ዞሮ ባሕር ማዶ አንድ አገር ገብቶ ሥራ ያዘና ሚስቴን ላምጣ ብሎ አመለከተ። የአገሩን ስም መጥራት አልፈልግም፤ አንድ ቀን እኔም ቪዛ ልጠይቃቸው እችላለሁ።

ጥሩወርቅ ከራሳችን መንግሥት የመውጫ ፈቃድ ለማግኘት ያየችውን አሳር ብጽፍ ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል። በመጨረሻ ፈቃዱ እጇ ሲገባ የሚያገለግለው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነበር። ወሩ ካለቀ ይቃጠላል፤ ከተቃጠለ ደግሞ ሌላ የሚሰጣት የለም። የቀረው የኤምባሲው ቪዛ ነው። ኤምባሲው ለቪዛ ብለው የሚጋቡ ሰዎች ስላስመረሩት፣ ጋብቻችሁ የእውነት መሆኑን አስረጂ አላት።

እትዬ አስካለ ጉዳዩን ወዲያው በእጃቸው አስገቡት። ጎረቤት ይመስክር አሉና እኔ በጽሕፈት መኪና እንድጽፈው ታዘዝኩ። ቃል በቃል የሚያስጽፉኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ ጎረቤት ስለ ቤተሰቧ እንደሚናገረው ዓይነት ነው የነገሩኝ፤ እንከን የሚባል የለበትም። «ከተጋቡ ጀምሮ ክፉ ቃል ሲነጋገሩ አይተንም ሰምተንም አናውቅም» ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ግድግዳ የሚቆረቁሩበት ጃንጥላ እኮ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ምን ትጠብቂያለሽ፣ ጻፊ አሉኝ። ጻፍኩ። ካርቦን እየደረብኩ ለጎረቤቱ ሁሉ አበዛሁት፤ እያንዳንዱም ከሥሩ ስሙን አስፍሮ ፈረመ። የሰው ትዳር ለባዕድ ሲነገር እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ሌላ መንገድ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ጥሩወርቅ ከኤምባሲው ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። የጠየቀቻት ፀጉሯ ሽበት የጀመረው የውጭ አገር ሴት ናት፤ አስተርጓሚው ደግሞ የአገራችን ጎረምሳ ነው። ሴትዮዋ ባልሽ በአልጋው በየትኛው በኩል ነው የሚተኛው ብላ ጀመረች። ጥሩወርቅ ታናሽ ወንድሟ በሚሆን ልጅ ፊት ይህን ከምትናገር ብትሞት ይሻላታል፤ አላውቅም አለች። ሲቆጣ ምን ያደርጋል ስትላት ተቆጥቶ አያውቅም አለች። አንቺስ ስትባል እኔም አለች። ያን ጊዜ ሴትዮዋ የምስክሮቹን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ሁሉም አንድ ናቸው፤ እኔ የሰረዝኩት ስህተት ሳይቀር በየወረቀቱ እዚያው መስመር ላይ ተሰርዟል። ሴትዮዋ እኔም ባል አለኝ፣ ይህ ያላችሁት ግን ትዳር አይደለም ብላ መለሰችላት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ አንድ ቀጠሮ ጨመረችላት። ያን ቀን በእውነት የሚያውቃቸውን አንድ ሰው ይዛ እንድትመጣ ነገረቻት።

ይህን ለእትዬ አስካለ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲህ ባሏን ለፈረንጅ እንድናማላት ነው?» አሉኝ። ማማት ሳይሆን እንደማንኛውም ሰው መጣላታቸውን ማወቅ ነው የፈለገችው አልኳቸው። ያን ቀን ከሰዓት የአንዱ ቤት ወጥ አረረ፤ ሽታው ግቢውን ሲሞላው እሳቸው ምንም አልተናገሩም። ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳቸው የገባኝ ያኔ ነው። ነገሩን ያበላሸው እሳቸው ያስጻፉት ቃል ነው። ለማቃናት ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን አላደርገውም ያሉትን ማድረግ ሊኖርባቸው ነው። ለጥሩወርቅ ብቻ ሳይሆን ለእሳቸውም አዘንኩ። ሲመሻሽ ጥሩወርቅን ጠርተው በሩን ዘጉ። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም፣ ለመስማት ግን ሞክሬያለሁ። ሲወጡ እትዬ አስካለ ለኤምባሲው የሚሆን ቀሚሳቸውን እንድተኩስላቸው ሰጡኝ።

በቀጠሮው ቀን ሦስታችን ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዘን ሄድን። እኔ ለማደፋፈር ብቻ ነበር የሄድኩት። እዚያ ስንደርስ ግን አስተርጓሚው ለቅሶ ሄዷል ተባለ፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ሲፈለግ እኔው ተገኘሁ። እትዬ አስካለ የሞተውን ነፍስ ይማር አሉ፤ ጎረምሳው ባለመኖሩ ደስ ማለታቸውን ግን ፊታቸው አልደበቀውም።

ገና ሳይቀመጡ በሩ ይዘጋ አሉ። ሴትዮዋ ተነስታ ዘጋችው። ቀጥለው አንድ ወንበር ይጨመር አሉ። ለማን እንደሆነ ስትጠይቅ «ለመኮንን» አሏት። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፤ እኔም ያወቅሁት ነገር የለም። ወንበሩ መጣ። እትዬ አስካለ ከጥሩወርቅ ፊት ለፊት አስቀመጡትና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ባዶው ወንበር ዞሩ።

«መኮንን ልጄ፣ አንተ በሌለህበት ስለ ቤትህ ልናገር ነው። የምናገረው በሚስትህ ፊት ነው፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ይቅር በለኝ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሴትዮዋ ያንኑ የአልጋውን ጥያቄ አነሳች። ጥሩወርቅ መሬት መሬቱን አየች።

«በግድግዳው በኩል ነዋ» አሉ እትዬ አስካለ። «ሲያስል ጆሮዬ ሥር ነው የሚያስለው። ክረምት ሲገባ ግን ሳሉ ወደ በሩ ይሄዳል። በበሩ በኩል ጣራው ስለሚያፈስ እሷን ወደ ግድግዳው አስገብቶ እሱ ከውጭ ይተኛል። ቀበሌ ያድሰዋል ተብሎ ስንት ክረምት አለፈ።»

የቀበሌዋን ነገር ሳልተረጉም አለፍኳት። ሴትዮዋ ከመኮንን በኩል የመጡትን ወረቀቶች አገላበጠች፤ አንዱ ላይ ቆመች። እሱም ስለ ክረምቱ ተናግሯል አለች፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ የተናገረች ነው የሚመስለው። ከዚያ ስለ ጠባቸው ጠየቀች።

እዚያ ክፍል ውስጥ የሰማሁትን አሁን የምጽፈው ጥሩወርቅን አስፈቅጄ ነው። የድመቷን ነገር እንዳትተዪ ብላኛለች። አንደኛው ጠብ በሳሙና ነበር። ጥሩወርቅ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ ያመጣችውን ሳሙና መኮንን ለጓደኛው ሠርግ የእጁን ግራሶ ለማስለቀቅ ሲፈገፍግበት አመሸና ጨረሰው፤ እሷም በሠርጉ ማግስት ባዶ የልብስ መዘፍዘፊያ ምሳ ብላ አቀረበችለት። ሌላው በሬዲዮ ነው። መኮንን ብርድ ልብስ ተከናንቦ የውጭ ጣቢያ ሲያዳምጥ ጥሩወርቅ ፍርሃት ሊገድላት ሆነ። ባትሪዎቹን አውጥታ በርበሬ ዕቃ ውስጥ ቀበረቻቸው፤ እሱም አገኛቸውና በዚያው እጁ ዓይኑን አሸ። መኮንን ሲያኮርፍ ደግሞ ከሚስቱ ጋር የሚነጋገረው በእትዬ አስካለ ድመት በኩል ነው። «ራት ቀርቧል ወይ በያት» ይላታል ድመቷን። ጥሩወርቅም ለድመቷ ቀርቧል በይው ትላለች። ድመቷ ሁለቱ ሲያኮርፉ ትወፍራለች፣ ሲታረቁ ትከሳለች አሉ እትዬ አስካለ፤ ራቱን የምትበላው እሷ ናትና።

ሴትዮዋ ስቃ ስቃ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ጥሩወርቅም በነጠላዋ አፏን ይዛ እየሳቀች ነበር። እኔ መተርጎም አቅቶኝ ሁለት ጊዜ አቋርጫለሁ። የሁላችንም ልብ ቀለል ብሎ ሳለ ነው ሴትዮዋ ከሁሉ የከበደው ጠባቸው የትኛው ነው ብላ የጠየቀችው።

እትዬ አስካለ ሳቃቸውን አቆሙ። ጥሩወርቅን አዩ፤ ባዶውን ወንበር አዩ።

«እሱም አለ» አሉ። «አልናገረውም።»

ሴትዮዋ የሚጠቅማችሁ ምናልባት እሱ ይሆናል አለች። ጥሩወርቅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች፤ የመውጫ ፈቃዱ እዚያ ውስጥ ነው፣ ወሩም እያለቀ ነው። እኔ ጨነቀኝ። በአማርኛ፣ እትዬ በእናትዎ ይንገሯት፣ የልጅቷ ዕድል ነው አልኳቸው።

«የመጣሁት መጋባታቸውን ላስረዳ እንጂ ትዳራቸውን ላፈርስ አይደለም» አሉኝ። «ያን ነገር የሚያነሱት ሁለቱ ናቸው። እኔ እንኳ ካስታረቅኋቸው ወዲህ አንስቼባቸው አላውቅም። ቪዛው ከቀረም ይቅር ብለሽ ንገሪያት።»

ሴትዮዋ ምን እያሉ ነው አለችኝ። ልደብቃት ፈልጌ ነበር፤ ግን አልጨምርም አልቀንስም ያሉትን አስታውሼ እንዳለ ተረጎምኩት። ሴትዮዋ ወደ ጥሩወርቅ ዞረች፤ አንቺ ራስሽ ልትነግሪኝ ትችያለሽ አለቻት። ጥሩወርቅ በሁለቱ ቀጠሮዎች ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«እሱ ሳይኖር አልናገርም» አለች።

ሴትዮዋ ባዶውን ወንበር ስታየው ቆየች። ከዚያ ፋይሉን ዘጋችና፣ በውሸት የሚመጡት የምጠይቃቸውን ሁሉ ይነግሩኛል አለች። ፓስፖርትሽን ተዪልኝ ብላ እጇን ዘረጋች። ጥሩወርቅ ስላልገባት ለሰላምታ የዘረጋችው መስሏት እጇን ጨበጠቻት።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ እትዬ አስካለ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ሲያዩ መጡ። ጊዮርጊስን ስናልፍ ተሳለሙና «ሮማን፣ ዛሬ ምን ሰማሽ?» አሉኝ። ምንም አልኳቸው። ጎበዝ ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። በሕይወቴ ብዙ ሰው አክብሬያለሁ፤ ያን ዕለት እሳቸውን የወደድኩትን ያህል ግን ማንንም የወደድኩ አይመስለኝም።

ጥሩወርቅ ፈቃዱ ሳይቃጠል ሄደች። ግቢው ሁሉ ወጥቶ ሸኛት፤ ድመቷ እንኳ መክሳቷ ነው ብለን ሳቅንባት። ከዚያ ወሬያቸው ጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ወራት ካለፉ በኋላ፣ ፒያሳ ያለው ቢሮዬ ስልክ ጮኸ። መኮንን ነው። ድምፁ ልክ አይደለም። እትዬን ጥሪልኝ፣ መልሼ እደውላለሁ ብሎ ዘጋው። ጥሩወርቅ ምን ሆና ይሆን እያልኩ ቁልቁል ወደ ዶሮ ማነቂያ በረርኩ። እትዬ አስካለም ነጠላቸውን እንኳ ሳያጣፉ ተከተሉኝ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አለቃዬ በክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ፋይል የሚያነብ መስሎ ጆሮውን አቆመ። እትዬ አስካለ መነጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዳመጡ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ደህና ናቸው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። አዳመጡ፣ አዳመጡና ወንበር ስበው ተመቻችተው ተቀመጡ። ከዚያ ቀና ብለው አለቃዬን አዩትና በጣታቸው በሩን አመለከቱት። ሰውዬው ከገዛ ቢሮው ተነስቶ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። በሩን ከኋላዬ ስስበው እትዬ አስካለ ረጋ ብለው ሲናገሩ ሰማሁ።

«ጨረስክ? በል፣ አሁን እሷን ስጠኝ።»